«ተያዥ አለህ?» «ኮድ አለኝ!»

ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ ባሉ ቢሮዎች ፕሮግራመር የሚቀጥሩ አለቆች በየማኪያቶው ላይ የሚደጋግሟቸው አባባሎች አሉ። ሁሉም የሚዞሩት በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ በሪፈረንስ። መላሽ ስላጡ ብቻ እውነት መስለው ኖረዋል። እንመልስላቸው።

«ያለ ሪፈረንስ አልቀጥርም።»
ስልክ ቁጥሩን የሰጠዎት ማን ነው? ራሱ አመልካቹ! ሦስት ሰው ጥራ ሲባል የሚጠላውን የሚጠራ የት አለ? አጎቱ፣ የዶርም ጓደኛው፣ የሚወደው አለቃው ስልኩን አንስተው «ታታሪ ነው፤ ሰው አክባሪ ነው» ይላሉ። ይህ ለሽምግልና ይበቃል፤ ለዳታቤዝ አይበቃም።

«ማኅተም ያለው የሥራ ልምድ አምጥቷል።»
ማኅተሙ ስለ ምን እንደሚመሰክር አዋጁን ይጠይቁ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 12 አሠሪው ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ያዘዘው ምስክር ወረቀት ሦስት ነገር ይገልጻል፤ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመን፣ ደመወዙን። ስለ ጉብዝና አንዲት ቃል አልጠየቀም። ወረቀቱ ልጁ ሦስት ዓመት መቀጠሩን ይነግርዎታል፤ በሦስቱ ዓመት ምን እንደጻፈ አይነግርዎትም።

«ክሊራንስ ሳይጨርስ ልምድ አልጽፍለትም።»
ሕጉ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው ሲጠይቅ ይሰጠው ይላል። ላፕቶፕ ካልመለሰ ላፕቶፑን ይጠይቁት፤ የሠራባቸውን ዓመታት በመያዣነት አያስቀሩበት። ዓመታቱ የእሱ ናቸው።

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ!»
ይጠርጥሩ እንጂ! ግን ከሰውየው በፊት ሥራውን ይጠርጥሩ። ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ችግር ገጥሞት ደንበኞች በሂሳባቸው የሌለ ገንዘብ አወጡ። ባንኩ ያለአግባብ የተወሰደው ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን ገልጿል። የሳይበር ጥቃት አልነበረም፤ ከሲስተም ማሻሻያ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር ነበር። ተያዥ የጠፋ ዕቃ ይከፍል ይሆናል፤ በደንብ ያልተፈተሸ ለውጥ የሚያስከትለውን ግን የትኛውም ተያዥ አይችለውም።

«ለፈተና ጊዜ የለንም።»
ሁለት ሰዓት ይበቃል። ጥያቄውም ይኸው፦ ኔትወርክ ተቆራርጦ የአንድ ትዕዛዝ የቴሌብር ክፍያ ማረጋገጫ ሁለት ጊዜ ቢደርስ፣ ሲስተሙ ሁለት ጊዜ እንዳይመዘግብ አድርገህ ጻፍልኝ ይበሉት። ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚያውቁትን ለሦስት አጎት ቢደውሉም አያገኙትም።

«ቻትጂፒቲ ይጽፍለታላ!»
ለዚህ ነው አጠገቡ ቁጭ ብለው «ይህ መስመር ለምን አስፈለገ? ብናወጣው ምን ይበላሻል?» የሚሉት። ለሰዓቱም ይክፈሉት። በፈተና ስም ሙሉ ፕሮጀክት በነጻ ማሠራት ብዝበዛ ነው።

«ይህን ያልከው በጥናት ነው?»
አዎ። እ.ኤ.አ. በ1998 ሽሚት እና ሀንተር የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ምሁራን የ85 ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው የትኛው የቅጥር መመዘኛ የነገን ብቃት ይተነብያል ብለው አሰሉ። መመዘኛው 1 ቢያገኝ ፍጹም ነው። የሥራ ናሙና 0.54፣ ጥያቄዎቹ ለሁሉም አመልካች እኩል የተዘጋጁለት ቃለ መጠይቅ 0.51 አገኙ። ሪፈረንስ 0.26 ላይ ቀረ። «5 ዓመት ልምድ ያለው» እያሉ በማስታወቂያ የሚያስነግሩለት የዓመት ብዛት ደግሞ 0.18። እ.ኤ.አ. በ2022 ሌሎች ተመራማሪዎች ስሌቱን ሲከልሱ ብዙ ቁጥሮች ዝቅ ብለዋል፤ በደንብ የተዘጋጀው ቃለ መጠይቅ ግን ከላይ ተቀምጧል።

«ቢያንስ የሠፈር ሰው ይመስክርለት።»
የትኛው ሠፈር? ነባሩ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሶ ብዙ ነዋሪ ገላን ጉራ ገብቷል። ልጁን በዳዴ ሲሄድ ጀምሮ የሚያውቁት እማማ አንድ ወገን፣ ጎረቤታቸው ሌላ ወገን ናቸው። ባለሥልጣን አጎት ያለው ልጅ ግን ምስክሩ ከስልኩ ውስጥ አልተነሣበትም። በሪፈረንስ ብቻ የሚከፈት በር ለዘመዳም ይከፈታል፤ በችሎታው ብቻ የመጣውን ውጭ ያስቀራል። ይህ ለልጁ በደል ነው፤ ለድርጅትዎም ኪሳራ ነው።

«እና ሪፈረንስ ይቅር ነው የምትለው?»
አይቅር፤ ቦታውን ይያዝ። ባንክ ውስጥ የሠራ ልጅ ኮዱን አውጥቶ ጊትሃብ ላይ ሊያሳይ አይችልም፤ የአሠሪው ንብረት ነው። ለእሱ አብሮት የሠራ ሰው ቃል ትልቅ ነገር ነው። የሁለት ሰዓት ፈተና የማያወጣው ጠባይም አለ። ስለዚህ ሥራውን ካዩ በኋላ ይደውሉ፤ ለአለቃው ብቻ ሳይሆን ኮዱን ይገመግምለት ለነበረው ባልደረባው ጭምር።

«ደውዬ ምን ልበል?»
«ጥሩ ልጅ ነው?» አይበሉ። «ሲስተሙ ሌሊት ሲወድቅ ምን አደረገ?» ይበሉ። «ስሕተቱን ስትነግረው ምን መለሰልህ?» ይበሉ። «ሲለቅ ያስረከበው ሥራ ያለ እሱ እየሄደ ነው?» ይበሉ። «ነገ ቢመለስ አብረኸው ትሠራለህ?» ብለው ይጨርሱ። መልሱ በተግባር የታየ ነገር ከሆነ ይያዙት፤ ምርቃት ከሆነ ይተዉት።

«ይህ ሁሉ ሆኖ ብሳሳትስ?»
ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜ ፈቅዶልዎታል። ውሉን በጽሑፍ ያድርጉ፤ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ እውነተኛ ሥራ ይስጡት፤ ኮዱን የሚያይለት ሰው ይመድቡለት። የሙከራውን ጊዜ ሙሉ ጥግ አስቀምጠው በመጨረሻው ቀን «አልቻለም» ካሉ ያልቻሉት እርስዎ ነዎት።

«በአጭሩ ንገረኝ።»
መጀመሪያ ሥራውን ይዩ። ቀጥሎ ባልደረባውን ይጠይቁ። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ ያስቀምጡት። ይህን ሳያደርጉ «አገሩ ፕሮግራመር የለውም» ብለው አያማርሩ፤ አልፈለጉትም እንጂ አለ።