ጎሚኒውስ ከየት ይምጣ?

ካርቱም ውስጥ ቤቱ ተቀምጦ ኤስፕሬሶ መጠጣት ላማረው ሐበሻ ምክሩ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «መብራት የማይፈልገውን፣ በእጅ የሚጫነውን ግዛና ተገላገል።» ከዱባይ የሚመጣው ዘመድም፣ ከጀርመን የሚደውለው አብሮ አደግም ይህንኑ ነው የሚለው። ምክሩ ውሸት አይደለም። መብራት ግን ከመከራችን አንዱ ብቻ ነበር፤ ስለ ቀረው ማንም አንስቶ አያውቅም። እኔን ሲያንገሸግሸኝ የኖረው ይህ ነው።

አዲስ አበባ አድጎ፣ ጠዋት ጠዋት ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶ መጠጣት የለመደ ሰው ካርቱም ሲገባ ቡና አያጣም። ዴም በሉት ጀሪፍ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር ሁሉ ጀበና ነበር፤ በየዛፉ ጥላ ሥርም ሲት ሻይ የሚሏት ሻይ ሻጭ በንበሯን፣ ማለት ትንንሽ መቀመጫዋን፣ ደርድራ ትገኝ ነበር። ደህና ኤስፕሬሶ ከፈለጋችሁ ግን ከሰፈር ወጥቶ ካርቱም 2 እስከሚባለው ሰፈር ድረስ መሄድ፣ ለመንገዱም ከቡናው በላይ መክፈል ነበር። ነዳጅ በጠፋበት ሰሞን እሱም አይገኝም። ለቤት ማሽን መግዛት ለሌላው ቅንጦት ይመስለው ይሆናል፤ እኛ ግን የገባንበት ሌላ መንገድ ስላጣን ነው።

ምርጫው ራሱ ያደክማል። የእጅ ማሽን ሁሉ ሥራው አንድ ነው፤ ቡናው በደቃቁ ተፈጭቶ ወደ 18 ግራም ይጠቀጠቃል፣ የጋለ ውኃ በላዩ ይገባል፣ ማንሻው ሲጫን ፒስተኑ ውኃውን በ9 ባር ገደማ ግፊት በቡናው ውስጥ ያሳልፈዋል። ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ያህል ወፍራም ቡና ይወርዳል። በእንፋሎት ይሠሩ የነበሩት የጥንት ማሽኖች ከ2 ባር ብዙም አይዘሉም ነበርና ይህን ቡና ሊያወጡት አልቻሉም። ነገሩን የለወጠው ሚላን ላይ አኪሌ ጋጂያ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የመጀመሪያ ፈጠራውን አስመዝግቦ፣ ከጦርነቱ በኋላ በ1948 ሞላ የሚጫነውን ባለ ማንሻ ማሽን አወጣ። ክሬማ የሚባለው አረፋ ስኒ ላይ የታየው ያን ጊዜ ነው።

ታሪኩ ደስ ይላል። 9 ባር ግን ምን ያህል እንደሚከብድ የሚነግራችሁ ሻጭ የለም። ወርዱ 58 ሚሊ ሜትር በሆነ ማጣሪያ ላይ ሲያርፍ ከ240 ኪሎ በላይ ጭነት ነው። ማንሻው ስለሚያቀልለው ነው እንጂ በባዶ ክንድ አይሞከርም። ቢቀልልም ደግሞ ጠንካራ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ተከራይተን የምንገባባቸው ቤቶች ኩሽና ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጠረጴዛ ነው። አንዱ ማንሻውን ሲጫን ሌላው ጠረጴዛውን ይዞ መቆም ነበረበት። ብቻውን የሚኖር ሰው መሬት ላይ አውርዶ፣ ተንበርክኮ ይጫናል።

ላ ፓቮኒ እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምሮ የሚሠራት ኤውሮፒኮላ የምትባል ማሽን አለች፤ ለዓይን የምታሳሳ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመኘው እሷን ነው። የሚጫናት ክንድ ይሁን እንጂ ውኃዋ የሚፈላው በኤሌክትሪክ ነው፤ መብራት ከሄደ ቡናውም ሄደ። የመረዌ ግድብ እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመረቅ 1250 ሜጋዋት ያመነጫል ተብሎ ከተማው ሁሉ እፎይ ብሎ ነበር፤ እኛ የምናውቀው ግን በጋ ሲመጣ፣ ማራገቢያውና ማቀዝቀዣው ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲከፈት፣ ለሰዓታት የሚጠፋውን መብራት ነው። በዚያ ላይ ይህች ማሽን በተፈጥሮዋ ቶሎ ትግላለች። ጥቂት ስኒ በተከታታይ ካወጣችሁባት ብረቱ ከመጠን በላይ ይሞቅና ቡናው ያርራል፤ በእርጥብ ፎጣ ማብረድ ነው። ጣሊያን ውስጥ እንዲህ የምትሆን ማሽን ሚያዝያና ግንቦት ላይ 40 ዲግሪን በሚያልፈው የካርቱም ሙቀት፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ እንኳ ትኩስ በሚያወርድበት ቤት፣ ምን እንደምትሆን ገምቱት።

ለካርቱም የሚሆነው ማሞቂያ የሌለው ነው፤ ፍሌር፣ ሮክ፣ ሮቦት የሚባሉት። ውኃውን በጋዝ ወይም ከሰል ካኑን ላይ ታፈላላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፣ ትጫናላችሁ። ከነሱም እኔ ሮቦትን እመርጣለሁ። ፍሌር የብረት ሲሊንደሩን አስቀድሞ በፈላ ውኃ ማሞቅ ይጠይቃል፤ የጋዝ ሲሊንደር ለመሙላት ሰው ሰልፍ ላይ በሚውልበት ከተማ፣ ለአንድ ስኒ ሁለት ጊዜ ውኃ ማፍላት የሚያናድድ ብክነት ነው።

ተመረጠ እንበል፤ ማስመጣቱስ? ሱዳን ላይ የአሜሪካ ማዕቀብ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ 2010 ዓ.ም. ድረስ ነበር፤ ማዕቀቡ ከተነሣም በኋላ አገሩ ሽብርተኝነትን ይደግፋሉ ከሚባሉት ዝርዝር የወጣው በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን ካርቱም ተቀምጦ በባንክ ካርድ ከውጭ ዕቃ ማዘዝ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር። ዱባይ ወይም አውሮፓ ያለ ሰው ይለመናል፤ ገዝቶ ያስቀምጣል፤ የሚመጣ መንገደኛ ይጠበቃል፤ መንገደኛውም ሻንጣዬ ሞላ ይላል። ገንዘቡ ደግሞ እስኪጠራቀም አይጠብቅም። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሱዳን ፓውንድ በመንግሥት ምንዛሪ በአንድ ቀን ከ55 ወደ 375 ለአንድ ዶላር ሲወርድ፣ ጥቁር ገበያው ቀድሞ እዚያ ደርሶ ነበርና ማሽን ብለን ያስቀመጥነው ፓውንድ ከዚያ በፊት በእጃችን ላይ አልቆ ነበር። «ርካሽ ነው እኮ፣ ትንሽ ነገር ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ለማን ነው ትንሽ?

ማሽኑ ገባ። አሁን መፍጫ የለም። ሰው ሁሉ ስለ ማሽኑ ያወራል እንጂ ኤስፕሬሶን የሚያወጣውም የሚያበላሸውም መፍጫው መሆኑን የሚነግራችሁ ገዝታችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ነው። ሱዳኖች ቡናቸውን በፉንዱክ፣ ማለት በእንጨት ሙቀጫ ይወቅጡታል፤ ለጀበናቸው ከዚህ የተሻለ የለም። ለኤስፕሬሶ ግን ውቅጥ ቡና አይሆንም፤ ዱቄቱና ሽርክቱ ተደባልቆ ስለሚወጣ ውኃው ቀዳዳ ፈልጎ በአንድ ጎን ይሾልካል፣ ግፊት የሚባል ነገር አይያዝም፣ ጎምዛዛና መራራ በአንድ ስኒ ይመጣል። ገበያ ላይ የሚሸጠው ባለ ምላጭ የኤሌክትሪክ መፍጫም ያው ነው። በእጅ የሚዞረው፣ ጥርሱ የብረት የሆነው መፍጫ ዋጋው ከማሽኑ ይቀራረባል፤ ስለዚህ ልመናው፣ ምንዛሪው፣ መንገደኛው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።

ቡናው ሲነሣ ግን ይበልጥ ያመኛል። ካርቱም ይጠጣ ከነበረው ቡና ከፊሉ ከኛ አገር በመተማ በኩል የሚሻገር ነበር። ከመተማ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ካርቱም፤ ሩቅ አይደለም። ሱቅ አል አረቢ በሚባለው ገበያ በጆንያ የሚዘረገፈው ግን የተሰባበረ፣ ከድንጋይና ከጭንቁር ጋር የተደባለቀ፣ መቼ እንደተለቀመ የማይታወቅ ቡና ነበር። የይርጋጨፌና የጉጂ ምርጥ ቡና በመርከብ ወደ ጃፓንና ወደ አውሮፓ ይሄዳል፤ እኛ የጎረቤት አገር ሰዎች፣ ያውም የቡናው አገር ልጆች፣ ደህናውን ለማግኘት ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ሰው መለመን ነበረብን። የመጣውም በሙቀቱ ምክንያት ጣዕሙን ቶሎ ይጥላል። ማሽን ማምጣት ከባድ መሆኑ ይገባኛል፤ ቡናውን ግን መለመን አልነበረብንም።

ውኃውም ሌላ ጣጣ ነበር፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም አባይ ሲሞላ ይደፈርስ ነበር። የደጋው አፈር ሱዳን ድረስ ወርዶ ቧንቧችን ውስጥ ይገባ ነበር፤ ባልዲ ቀድታችሁ ካሳደራችሁት ሥሩ ጭቃ ይሆናል። ማሞቂያ ያለው ማሽን የገዛ ሰው በዚህ ወቅት ገንዘቡን በጭቃ ይደፍናል። እኛ ዚር በሚሉት የሸክላ ጋን ውስጥ አስጠልለን፣ ላይ ላዩን ቀድተን፣ አጣርተን ነበር የምናፈላው። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲመጣ ደግሞ አቧራው ተዘግቶ በከረመ ክፍል ውስጥ እንኳ ይገባል፤ ግራሶ በተቀባ ፒስተን ላይ ያረፈ አሸዋ ሲሊንደሩን ይፈገፍገዋል። ከያንዳንዱ ስኒ በኋላ መጥረግ፣ በጨርቅ መሸፈን፣ ከመጠቀም በፊት ደግሞ መጥረግ።

ጎሚኒው የመጨረሻው ምሬት ነው። ግፊቱን የሚይዘው በፒስተኑ ዙሪያ ያለች ቀጭን የጎማ ወይም የሲሊኮን ቀለበት ናት። በደረቅ ሙቀት ትሰነጠቃለች። እሷ ስትሄድ ማሽኑ ዝም ብሎ ብረት ነው፤ ውኃው በጎን ወደ ላይ ይተፋል፣ ማንሻው ያለ ምንም መቋቋም ይወርዳል። ዋጋዋ ከአንድ ስኒ ቡና ብዙም አይበልጥም፤ ካርቱም ውስጥ ግን አልነበረችም። የመለዋወጫ ሱቆች ብትዞሩ ባለሱቁ «ያ ሐበሺ፣ ታዓል» ብሎ በደግነት ይጠራችኋል፣ የቧንቧና የሞተር ጎሚኒ ሣጥን ዘርግፎ አብሯችሁ ይለካል፤ ወርዱ የሚቀራረብ ይገኛል፤ ቤት ወስዳችሁ ስታስገቡት ቡናው ጎማ ጎማ ይላል። ለምግብ የሚሆን የሲሊኮን ግራሶም ስለማይገኝ የመኪና ግራሶ ቀብቶ የሚጠጣ ሰው አይቻለሁ፤ ጤናውን ነው የሚጠጣው፣ ከልቤ ነው የምለው። ይህን ሁሉ ብረት በጥሩ ካርቶን አሽጎ ለሚልክ ፋብሪካ፣ ከአንዲት መለዋወጫ ይልቅ ለአምስት ዓመት የሚበቃ ጎሚኒ ሣጥኑ ውስጥ መጨመር ምን ያጎድለዋል? የሚሸጡት ማሽኑ ዕድሜ ልክ ይቆያል እያሉ ነው። ብረቱ ይቆያል።

በዚህ ሁሉ መሃል እንግዳ ይመጣል። «ይህን ሁሉ ጣጣ ከምታይ ታች ወርደህ ከእኅቶችህ ጋ አትጠጣም?» ይላል። እውነቱን ነው፤ መልስ የለኝም። ዛፍ ሥር ተቀምጠው ቡና የሚሸጡት ሐበሾች በካኑን፣ በመጥበሻና በፉንዱክ የሚያወጡት ዝንጅብል የገባበት ቡና ብዙ ኤስፕሬሶ የማይደርስበት ነው። እነሱ የሚያማርሩት ደግሞ የኔን ዓይነት ምሬት አይደለም፤ ከሻ በሚሉት የፖሊስ አፈሳ ጊዜ ዕቃቸው ተለቅሞ ይሄድ ነበር፣ በንበሩንና ማንቆርቆሪያውን እንደገና ከዜሮ መግዛት ነበረባቸው። ከነሱ ፊት ስለ ጎሚኒ ማውራት አፍ ይይዛል። ቢሆንም እሮሮ በእሮሮ አይሰረዝም፤ የኔም ጎሚኒ አልተገኘም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አየር ማረፊያው ተዘጋ፤ የቻለ በገዳሪፍ በኩል ወደ መተማ፣ ሌላው ወደ ፖርት ሱዳን፣ ሌላው ወደ ግብፅ ወጣ። የእኛ ሰዎች ይዘው የወጡት ልጆቻቸውንና ወረቀታቸውን ነው። ስለ ማሽኖቹ ማን ይጠይቃል።

አዲስ አበባ ስንገባ ግን ተገላገልን ብለን ነበር። ቡናው እዚህ ነው፣ ወንድምና እኅት እዚህ ነው፣ ኤስፕሬሶው በየመንገዱ ነው። ለቤት ማሽን ሲፈለግ ግን ያው ነው፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ዋጋው አይቀመስም፤ ጎሚኒ አሁንም በሻንጣ ነው የሚመጣው።

ከዚያ ደግሞ ካርቱም ላይ ያልነበረ ጣጣ ተጨመረ። ካርቱም ከባሕር ወለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ናት፤ ውኃ ወደ 99 ዲግሪ ተጠግቶ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ ፈልቶ አበቃ፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ብረቱ ጥቂት ሙቀት ሲሻማው ቡናው ላይ የሚደርሰው ከ90 በታች ነው፤ በተለይ ለስለስ ብሎ የተቆላ ቡና ከሆነ ስኒው ይጎመዝዛል። ካርቱም ላይ ብክነት ያልኩት የፍሌር ሲሊንደር ማሞቅ እዚህ ግዴታ ሆነ። ለካርቱም አትሆንም ያልኳት ኤውሮፒኮላ ደግሞ ውኃዋን በታፈነ ማሞቂያ ውስጥ ከ100 ዲግሪ በላይ ስለምታደርሰው ለአዲስ አበባ ከሁሉም የተሻለች ናት፣ መብራት እስካለ ድረስ። መመሪያውን የጻፉት ሰዎች የሁለቱንም ከተማ ኩሽና አላዩም፤ ለሁላችንም «ውኃውን አፍሉና ትንሽ አሳርፉት» ይላሉ። አዲስ አበባ ላይ ውኃ ማሳረፍ የለም፤ ገና እየተንተከተከ ከእሳቱ ወርዶ በቀጥታ ነው መግባት ያለበት።