ዋዛ የተከለከለበት ቀፎ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» ብላችሁ ከመለሳችሁልኝ፣ የዛሬው በረት ቀፎ ነው። ጎጃም ውስጥ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ፣ አንድ ገበሬ ከቀርከሃ ሠርቶ፣ በእበትና በአመድ ለቅልቆ ዛፍ ላይ የሰቀለው ቀፎ ነበር።

በዚያ ቀፎ ኑሮ በተራ ነው። አዲስ የተወለደች ንብ መጀመሪያ የወጣችበትን ጉድጓድ ታጸዳለች፤ ቀጥላ ለእጮቹ ሞግዚት ትሆናለች፤ ከዚያ ከሆዷ ሰም እያወጣች የማር እንጀራ ትሠራለች፤ በር ትጠብቃለች፤ በስተመጨረሻ ሜዳ ወርዳ አበባ ትቀስማለች። ሥራ ሲበዛ ዕድሜዋ ከ6 ሳምንት እምብዛም ስለማያልፍ፣ እኛ 12 ዓመት ተቀምጠን የምንማረውን እሷ በቀናት ትጨርሰዋለች።

በዚህች አጭር ዕድሜ መሐል ታዲያ አንዲት ነገር ነበረች። ቀትር ላይ ፀሐይ ሞቅ ሲል ጀማሪዎቹ ከበሩ ይወጡና ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው፣ አየር ላይ ወዲያና ወዲህ እያሉ ይንሳፈፋሉ። አበባ አይቀስሙ፣ ውሃ አይቀዱ። ጥቂት ሲዝናኑ ቆይተው ይገባሉ።

መስከረም ጠባ፤ ሜዳው አደይ አበባ ለበሰ፤ ቀፎው ማር በማር ሆነ። ማር ሲበዛ ደግሞ ቆጣሪው ይበዛል። የበር ዘበኞቹ ጉባኤ ተቀመጡና «በየቀትሩ የሚባክነው ክንፍ ስንት ጠብታ ማር ያስገባ ነበር!» አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መንሳፈፍ ዋዛ ተብሎ ተከለከለ።

ክልከላውን ከሁሉ የወደደችው አንዲት ጎበዝ ንብ ነበረች። ሰም ሲሠራ ንቦች እግር ለእግር ተያይዘው እንደ ሐረግ ይንጠለጠላሉ፤ የባልንጀራዋ ሙቀት በጎኗ ያልፋል። እሷ ግን ሐሳቧ ከሚቀጥለው ሥራ ላይ ነበር። «ይህን እንጀራ ልጨርስና ፀሐይ እሞቃለሁ» ትላለች፤ ይኸኛው ሲያልቅ ሌላው ይጀመራል። ሜዳ የወጣችም ጊዜ መንገዱን አላየችም፤ የፊተኛዋን ጭራ ተከትላ ሄደች፤ ተከትላም ተመለሰች።

ኅዳር ላይ ገበሬው በሌሊት ጭስ ይዞ መጣና ማሩን ቆረጠ። ያ ሁሉ የተቆጠረ ማር ባንድ ሌሊት ሄደ። ሜዳውም ደረቀ። ቀፎው መከረና አውራውን አጅቦ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ወረደ። እዚያ ሌላ ገበሬ በጥንጁት ያጠነው አዲስ ቀፎ ጠበቃቸው፤ ከጎኑም ግራዋ አብቧል።

በማግስቱ ክንፏ የተበጣጠሰ አንዲት አሮጊት ከበሩ ወጥታ፣ ፊቷን ወደ አዲሱ ቤት አዙራ መንሳፈፍ ጀመረች።

«እማማ፣ በዚህ ዕድሜዎ ጨዋታ አያሳፍርዎትም?» አለች ጎበዟ።

«ደስ ይለኛል፤ ምን ላድርግ ልጄ? ነይ እስቲ፣ ይችን ፀሐይ ቅመሻት።»

«ሥራ አለብኝ» ብላ በረረች።

ያን ቀን ብዙዎች ወጡ፤ ሲመሽ የገቡት ግን ጥቂት ነበሩ። የቀሩት ወይ አሮጌውን ባዶ ቀፎ ሲዞሩ ዋሉ፣ ወይ ግራዋው ውስጥ ጠፉ። ዘበኞቹም መርምረው «ታማኝነት ጎድሏቸው ነው» የሚል መግለጫ አወጡ። (እንዲህ ያለ መግለጫ የሚያወጣ ንብ ብቻ እንዳይመስላችሁ።)

ጎበዟ ንብ ጀንበር ልታዘቀዝቅ ስትል ደክማ ከማታውቀው ቀፎ በር አረፈች። ዘበኛዋ ዞር ዞር ብላ አሸተተቻት፤ ሽታዋ የባዕድ ነው። ሆዷ ግን ወለላ ሞልቶታል። በንቦች አገር ባዶውን የመጣ እንግዳ ይባረራል፤ ጭኖ የመጣ ዘመድ ይባላል። «ግቢ፣ ዘመዴ!» አለቻት። በሰው አገር ያለውን ስደተኛ ዘመዶቻችሁን ጠይቋቸው።

በነጋታው ቀትር የዚያ ቀፎ ጀማሪዎች እየተንጫጩ ወጡ። ጎበዟ እንደ ልማዷ ልታልፋቸው ስትል የትኛው ቀፎ ቤቷ እንደሆነ ጠፋትና መሐላቸው ቆመች። ክንፎቿን አማታች፤ አንዷን ጨቅላ ገጨቻት።

«ኧረ እትዬ፣ ጀርባዎን ሰጥተው የምን መንሳፈፍ ነው! ወዲህ ይዙሩ እንጂ» አለቻት ጨቅላዋ።

«ዘበኛዋ ብታየንስ?» ብላ በፍርሃት ወደ በሩ ብትመለከት፣ ዘበኛዋ ተረኛነቷን ለሌላ አስረክባ ከመካከላቸው እየተንሳፈፈች ነበር።