ውኃው ስንት ነው?

ከባሕር የሚወጣን ሰው «ውኃው እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው እንዴ? እኔ የምፈልገው ቁጥር ነው። 11 ዲግሪ ነው ወይስ 14? መልሱ ግን ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኧረ አሪፍ ነው! ከገባህ በኋላ ትለምደዋለህ።» ፈረንጁም ይህንኑ፣ ያገሬ ልጅም ይህንኑ። ከሳን ፍራንሲስኮ ዝቅ ብሎ፣ ፓሲፊካ ላይ ሊንዳ ማር በሚባለው ዳርቻ ሰርፍ የሚያደርገው ሁሉ ተማክሮ የያዘው መልስ ይመስለኛል።

ቁጥሩን የምጠይቀው ለወሬ አይደለም። ዌትሱት የሚሉት የላስቲክ ልብስ የሚመረጠው በዲግሪ ነው። በነሐሴ ሳን ዲዬጎ የሚገባ ሰው ቁምጣ ይበቃዋል። እኛ ጋ ግን 4/3 የሚሉት ነው፤ ደረቱና ጀርባው 4፣ እጅና እግሩ 3 ሚሊ ሜትር። ብርድ የሚፈራ 5/4 ከነኮፍያው ይገዛል። ላስቲኩ ውስጥ ብርዱን የሚመክቱ ጥቃቅን የጋዝ አረፋዎች አሉ። ትንሽ ውኃ መግባቱ አይቀርም፤ እሱን ገላ ያሞቀዋል። ልብሱ ከሰፋ ግን የሞቀው ይወጣና ሌላ ይተካል፤ ይኸኛው በዚፑ ሾልኮ፣ አከርካሪን ተከትሎ እስከ ወገብ ሲወርድ ሰው የማያውቀውን ጸሎት ያደርሳል።

እኛ አበሾች ደግሞ ከነፋስ ጋር የቆየ ጠብ ያለን ሕዝብ ነን። ከመርካቶ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ተጠቅጥቆ ላቡ ሲንቆረቆር አንዱ ደፋር መስኮት ቢከፍት ምን እንደሚከተል ታውቃላችሁ። «ዝጋው እንጂ!» ይላል የኋላ ወንበር። «ጉንፋን ይዞኛል» ይላል መሃሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። ራሱን በመስኮት አውጥቶ «ቦሌ! ቦሌ!» ሲል የዋለው ረዳት እንኳ «ወንድም፣ ሰው እየበረደው ነው» ብሎ ይቆጣል። መስኮቱ ይዘጋል፤ ሁላችንም በሰላም እንታፈናለን።

በዚህ የሚያሾፉ የተማሩ ልጆች ግን አንድ ነገር ይስሙኝ። በሚያዝያና በግንቦት በካሊፎርኒያ ዳርቻ ከሰሜን ምዕራብ ብርቱ ነፋስ ይነሣል። ነፋሱ ከምድር መሽከርከር ጋር ተባብሮ የላዩን ውኃ ወደ መሃል ባሕር ይገፋዋል፤ በቦታው ከጥልቁ ቀዝቃዛው ይወጣል። ፀሐይዋ እያማረች ውኃው ወደ 10 እና 11 ዲግሪ የሚወርደው ለዚህ ነው። ትንሽ ሞቅ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት ነው፣ ያውም 15 ቢደርስ። በአጭሩ፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን ያህል ነገር ነፋስ መትቶታል! እናቴ ይህን ስትነግረኝ ነው ያደግሁት።

ወደ «ትለምደዋለህ» ባዩ ልመለስ። እስቲ አለባበሱን እዩት። 5 ሚሊ ሜትር ለብሶ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ ጓንትና ጫማ አድርጎ፣ የሚታየው አፍንጫው ብቻ ነው። ምኑን ነው የለመደው? እንዲህ ዓይነቱን ሰው ደግሞ ከባሕሩ በፊት አውቀዋለሁ። አሜሪካ እንደገባሁ ሌሊት መኪና ማቆሚያ ስሠራ፣ ቤት ገዝቶ፣ ልጆቹን ኮሌጅ ልኮ፣ ሶፋው ላይ ተደላድሎ «አይዞህ፣ ትለምደዋለህ» ይለኝ ነበር። ኪራዩ ስንት ነው? ታክሱ ስንት ይቆርጣል? እንቅልፍ የሚገኘው ከስንት ዓመት በኋላ ነው? እሱን አይናገርም! ቁጥሩን እያወቀ የሚደብቅ ሰው አይዞህ ባይለኝ ይሻለኛል።

እርግጥ ለክፋት ላይሆን ይችላል። ቁጥሩ አስቀድሞ ቢነገረን ስንቶቻችን እንገባ ነበር?

ለነገሩ የድሮዎቹ የባሰ አይተዋል። የበርክሌዩ የፊዚክስ ሊቅ ሂው ብራድነር እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ ኒዮፕሪን የሚባለውን ላስቲክ ለባሕር ኃይል ጠላቂዎች ባያስብ፣ ጃክ ኦኒል በ1952 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሰርፍ ሱቁን ባይከፍት፣ ዛሬም በሱፍ ሹራብ ይገባ ነበር። ሹራብ ካስገባ ጋቢስ ምን አለው? አራት ድርብ ነው፤ በእነሱ ስሌት 4/4 መሆኑ ነው። ውኃ ጠጥቶ ወደ ታች ይጎትት ይሆናል እንጂ በሙቀት አይታማም። ከውኃ ወጥቶ ልብስ ለመቀየር ግን ወደር የለውም፤ እነሱ ለዚህ ሲሉ ኮፍያ ያለው ፎጣ በውድ ይገዛሉ። እናቴ የላከችልኝን ጋቢ መኪናው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጨውና አሸዋው ግን በእጅ ይታጠብ ወይስ በማሽን፣ እሷን መጠየቅ አልደፈርኩም።