ውዳሴ ንጹሓነ እድ

በማለዳ ቁልፉን አዙሮ መኪናው አልነሣ ያለው ሰው፣ ኮፈኑን ከፍቶ ወደ ውስጥ እንኳ ሳይመለከት፣ ክራቫቱን አስተካክሎ ለወኪሉ ጋራዥ ስልክ የሚደውል ከሆነ፣ ያ ሰው በእውነት ውዳሴ ይገባዋል፤ የሀገራችንን ጥንታዊ ሥርዓተ ጨዋነት በዚህ በተዛባ ዘመን ሳያጐድል ጠብቆ የያዘ እርሱ ነውና። አባቶቻችን በብረት ሠሪው ማረሻ እያረሱ፣ በሸክላ ሠሪዋ ድስት እየበሉ፣ እርሱን ጠይብ፣ እርሷን ቡዳ ይሉ እንደ ነበረ ሁሉ፣ እርሱም መካኒክ በጠገናት መኪና እየሄደ የመካኒክን እጅ ይጸየፋል። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጅን በሥራው የሚሰድብ እንዳይኖር በዐዋጅ መከልከላቸው የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ዐዋጁ ስድብን እንጂ ንቀትን አልከለከለምና፣ ጨዋው ሰው በሕግ ረገድ የሚነቀፍበት አንዳች ነገር የለም።

በእኒሁ ንጉሥ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ፣ ሞተር ይነሣ ዘንድ አንድ ሰው ከፊት ቆሞ የብረት እጀታ በኀይል ማሽከርከር ነበረበት፤ እጀታውም አንዳንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ የአሽከርካሪውን ክንድ ይሰብር ነበር። እ.ኤ.አ. ለ1912 በወጡት ካዲላኮች ላይ ኬተሪንግ የተባለው ሰው የፈለሰፈው የኤሌክትሪክ ማስነሻ ከተገጠመ በኋላ ግን የሰው እጅ ከመሰበር ዳነ። የእኛ ጨዋ ከዚህም አልፎ ሄደ፤ እጁን ከመሰበር ብቻ ሳይሆን ከመንቀሳቀስም አዳነው።

እንዲህ ያለውን ንጽሕና ከፈተና ለመጠበቅ፣ ጆሮው ሊሰማው የማይገባውን ምስጢር አስቀድሞ ማመልከት ያስፈልጋል። ቁልፉ ሲዞር ቶሎ ቶሎ የሚደጋገም የቀጭ ቀጭ ድምፅ ከተሰማ፣ ባትሪው ደክሟል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ጠንከር ብሎ ቀጭ ካለና መብራቱ ሳይደበዝዝ ከቀረ፣ ነገሩ ወደ ማስነሻው፣ ማለትም ወደ ሞተሪኖው ያመለክታል፤ ሞተሩ እንደ ልቡ እየዞረ አልነሣም ካለ ደግሞ፣ ባትሪውም ሞተሪኖውም ከነቀፋ ነጻ ናቸውና ምርመራው ወደ ቤንዚኑና ወደ ካንዴላው ይሄዳል። አውቶማቲክ መኪና ጭራሽ ድምፅ ያጠፋች እንደ ሆነ ማርሿን ወደ ፎሌ መልሶ መሞከር ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አለ። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቴስተር የሚባለው ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ይህን የያዘ ማንም ሰው፣ ካደረ ባትሪ ላይ 12.6 ቮልት ቢያነብ ሙሉ እንደ ሆነ፣ 12 ግድም ቢያነብ ሊያልቅ እንደ ተቃረበ፣ ሞተሩ ተነሥቶ ሳለ 14 አካባቢ ካላየ ደግሞ ዲናሞው መሙላቱን እንደ ተወ ያውቃል። ይህ ዕውቀት አደገኛ ነው፤ ባለ መኪናውን ከወኪሉ ጋር እኩል ያነጋግረዋልና።

በርግጥ የቁልፉ የስርቆት መከላከያ ተበላሽቶ መኪናዋ ጌታዋን አላውቅህም ስትል የወኪሉ መሣሪያ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ይህን አልክድም። ጎረቤቱ «ሞተሪኖ ነው» ስላለው ብቻ ደኅናውን ሞተሪኖ ፈትቶ የሚጥል ጀብደኛም አለ፤ እርሱ ግን ቢያንስ እጁን አቆሽሿልና በዚህ ውዳሴ ውስጥ ስፍራ የለውም።

ስፍራ የሚገባቸውስ አንድ የማውቃቸው የመሥሪያ ቤት ኀላፊ ናቸው። በታኅሣሥ ብርድ መኪናቸው ቀጭ ቀጭ ብላ ዝም ባለች ማለዳ፣ ቀድሞ የታክሲ ረዳት የነበረው የግቢያቸው ዘበኛ ቀረብ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ኮፈኗን ቢከፍቱልኝ፤ የባትሪው ማሰሪያ ላልቶ ይሆናል፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ጠበቅ ቢደረግ…» ሲል፣ የመለሱለት «አንተ በርህን ጠብቅ» የሚል ብቻ ነበረ። ኮፈኑ ቢከፈት ኖሮ በባትሪው ራስ ላይ ያበበው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት በሩቅ ይታይ ነበር፤ ነገር ግን የሚታይ ነገር ለማየት መጐንበስ ያስፈልጋል፤ መጐንበስም ለማዕረግ አይስማማም።

መኪናዋም ተጐትታ ሄደች። በወኪሉ ጋራዥ፣ ነጭ ጋውን የለበሰው ወጣት ኮምፒውተሩን ከመሪው በታች ሰክቶ የስሕተቱን ዝርዝር በወረቀት አወጣ። ኮምፒውተር የላላ ብሎን አያይም፤ የሚያነበው የመኪናዋ ክፍሎች ያቀረቡትን አቤቱታ ነው፤ ቮልት ባነሰ ጊዜ ደግሞ ጤነኛውም ክፍል አቤት ይላል። ስለዚህ አቤት ያለው ሁሉ ይቀየር ተባለ፤ ባትሪው ተቀየረ፣ አቤት ያላለው ሞተሪኖም «ለጥንቃቄ» ተብሎ ተቀየረ፣ ስሙን ኀላፊው እስከ ዛሬ በትክክል ሊጠሩት የማይችሉት አንድ ዳሳሽም ተቀየረ። ዋጋውን ሲጠይቁ ወጣቱ በታላቅ ትሕትና «ኦሪጅናል ነው» አላቸው፤ እርሳቸውም በዚህ መልስ ረክተው፣ ከዚያ በኋላ መጠየቅ ነውር መስሏቸው ዝም አሉ።

ከኋላ ግን ስሙን ማንም ያልጠየቀው መካኒክ፣ አዲሱን ባትሪ ከመግጠሙ በፊት የማሰሪያውን ዱቄት በሙቅ ውኃና በቢካርቦኔት አጥቦ፣ ወገቡን አጥፎ ማሰሪያውን ከኪሱ በማትጠፋው 10 ቁጥር ቁልፍ አጠበቀው፤ መኪናዋም በመጀመሪያው ሙከራ ተነሣች። ይህ ሥራ በሒሳቡ ወረቀት ላይ አልተጻፈም፤ ዋጋ የለውምና። ኀላፊውም የተጠየቁትን ሁሉ ያለ አንዳች ቅሬታ ከፍለው፣ ቁልፋቸውን ተረክበው ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ሥራ አስኪያጁን አስጠርተው ክፉኛ ተቈጡ፤ መካኒኩ በመሪው ላይ የጣቱን ጥቁር አሻራ ትቶ ነበርና።