የመረጃ ትንተና ልትማር ለተዘጋጀኸው፦ አሥር ምክሮች ከጀጎል

ልጄ፣ እንኳን ደስ አለህ። መረጃ መሰብሰብና መተንተን በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ልትማር ነው አሉ። ጥሩ መርጠሃል። ሙያው ድሮ ጆሮ ጠቢነት እየተባለ ይታማ ነበር፤ ዛሬ ዲግሪ አለው። አሜሪካ ውስጥ መርሲኸርስት የሚባል ዩኒቨርሲቲ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲያስተምረው ቆይቷል፤ የእኛም አገር የመረጃና ደህንነት አገልግሎት የራሱን ዩኒቨርሲቲ ከፍቷል። መምህሮችህ ስለ ዑደቱ ይነግሩሃል፦ ጥያቄ መቀበል፣ መሰብሰብ፣ ማደራጀት፣ መተንተን፣ ለሚመለከተው ማድረስ። እሱን ከእነሱ ተማር። እኔ የምመክርህ ከተመረቅህ በኋላ የሚያኖርህን ነው። ለልምምድ ከሐረር የተሻለ ከተማ ስለሌለ ክረምቱን እዚሁ ቆይ።

1. ምስጢር ጠብቅ።

ምን እንደምትማር ለማንም አትንገር። እናትህ ለአፎቻ ማኅበር ጓደኞቻቸው ነግረዋል፤ ይህ አያሳስብህ። በግንብ በታጠረው ጀጎል ውስጥ 368 ያህል ጠባብ መተላለፊያዎች አሉ ይባላል፤ ወሬ ሁሉንም ለማዳረስ ከዙህር እስከ መግሪብ ይበቃዋል። የጠየቀህን ሁሉ «አካውንቲንግ ነው» በለው። እሱም «አላህ ይርዳህ» ይልሃል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የወንድሙ ልጅ ለምን እንደታሰረ እንድታጣራለት ይለምንሃል። በአካውንታንትነትህ ተቀበለው።

2. ሽፋንህን አትጣል።

ጥቁር መነጽር ግዛ። ፈረስ መጋላ ካፌ ተቀመጥ። ጋዜጣ ዘርጋ። አስተናጋጁ ሳታዝ ማኪያቶህን፣ ስኳሩን እንኳ እንደምትወደው አድርጎ ያመጣልሃል። አመስግነው፤ ግን እንዳላወቀህ ቁጠረው።

የሪቻርድ በርተንን ነገር ልንገርህ። እንግሊዛዊው በርተን የአረብ ነጋዴ መስሎ ከዘይላ ወደ ሐረር ተነሣ። መንገድ ላይ ግን «ይሄ ቱርክ ነው» ብለው ጠረጠሩት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቱርክ መባል ፈረንጅ ከመባል የባሰ አደጋ ነበረው። ስለዚህ ከኤደኑ የእንግሊዝ ሹም የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ራሱ ጻፈና፣ በጥር 1855 እ.ኤ.አ. በራሱ ማንነት ገብቶ ከአሚሩ ፊት ቆመ። አሥር ቀን ቆየ። በዓመቱም ያየውን ሁሉ መጽሐፍ አድርጎ ማንም ገዝቶ እንዲያነበው አሳተመው። አንተ ግን መነጽርህን ማታም አታውልቅ። መጽሐፉንም አትጥቀስ፤ ማንም የሚያገኘው ነገር መረጃ አይባልም።

3. ሁሉም የሚያውቀውን ሰብስብ፣ ከዚያ ማኅተም ምታበት።

የስኳር ዋጋ መጨመሩን ጻፍ። ወጣቱ ሥራ ማጣቱን ጻፍ። ውኃ ከመጣ መሰንበቱን ጻፍ። ይህን የጊድር መጋላ ቅመም ሻጮች ከአንተ ይበልጥ ያውቁታል፤ አለቃህም ቤቱ ውስጥ ባዶ ጄሪካን ተደርድሯል። ከላይ በቀይ «ጥብቅ ምስጢር» በልበት። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ስለ ውኃው በአደባባይ ሲያወሩ ከሰማህ፣ ምስጢር ማን እንዳወጣ የሚመረምር ሌላ ሪፖርት ክፈት።

4. ምንጮችህን አብዛ።

ክፍል ውስጥ አንድ ጥሩ ሰንጠረዥ ያሳዩሃል፦ የምንጩ ታማኝነት ከኤ እስከ ኤፍ፣ የወሬው እውነትነት ከ1 እስከ 6። አክብረው። አሁን አንድ ፀጉር አስተካካይ አንድ ነገር ይናገራል እንበል። ከእሱ የሰማው የመኪና ግርግር ሰፈር ልብስ ሰፊ ለገበያዋ ሴት ይነግራታል። ከእሷ ሽንኩርት የገዛችው ለባሏ፣ ባሏ ደግሞ በርጫ ላይ ለአንተ። አራት ምንጭ ብለህ መዝግብ። ከዚያ ፀጉርህን ልትስተካከል ሂድና ጨዋታውን አንሣ። ሰውየው ይደነግጣል፤ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይልሃል። «በገለልተኛ ወገን ተረጋግጧል» ብለህ ጻፍ፤ ኤ፣ 1።

አባቶች ወሬ ቢበዛ በአህያ አይጫንም ብለዋል። ፋይል የሚባለውን ነገር ገና አላዩትም ነበር።

5. ቦታው ድረስ አትሂድ።

በ1883 እ.ኤ.አ. ሶቲሮ የሚባል ግሪካዊ የንግድ ቤት ሠራተኛ ወደ ኦጋዴን ዘለቀ። ፀሐዩን የቻለው እሱ ነው፤ ነፍሱን አስይዞ የሄደውም እሱ ነው። ሐረር ተቀምጦ ዘገባውን የጻፈው የሥራ ባልደረባው አርተር ራምቦ ነበር፤ ጽሑፉ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ራምቦ በሐቀኝነት የሶቲሮን ስም ጠቅሷል። ዛሬ ጀጎል ውስጥ የራምቦ ቤት የሚባል ሙዚየም አለ፤ ራምቦ እንደኖረበት ግን ማስረጃ የለም። የሶቲሮ ቤት የሚባል የለም። ከዚህ ተማርና ብዕርህን ያዝ። ሌላው ይሂድ።

6. መደምደሚያውን አስቀድም።

ወደ አለቃህ ቢሮ ግባ። ምን እንደሚያስብ በትሕትና ጠይቀው። እሱን መጨረሻው ገጽ ላይ ጻፍ። ከዚያ ወደ ኋላ እየሄድክ ማስረጃ ፈልግለት። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ ልጅ ኢያሱ እዚሁ ሐረር ሳሉ አዲስ አበባ ላይ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ተብለው ከሥልጣን ተሻሩ። የሙስሊም ልብስ ለብሰው የሚያሳያቸው ፎቶግራፍም ሲዘዋወር ነበር፤ የተቀናበረ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። አየህ፣ ውሳኔው ካለ ፎቶው አይጠፋም። ዘንድሮ ደግሞ በስልክም ይሠራል።

7. ባላጋራህን እንደምትፈልገው አድርገህ ሳለው።

በ1879 ዓ.ም. የምኒልክ ጦር ጨለንቆ ሰፍሮ ነበር። አሚር አብዱላሂ የገናን ዕለት መርጠው አጠቁ። ሸዌዎች በበዓላቸው በልተውና ጠጥተው ይዘናጋሉ የሚል ግምት ነበር። ሸዌዎች አልተዘናጉም። ሐረርም በዚያው ወር ተያዘች። ግምቱ ግን ሲነበብ ያምራል፤ ያስደስታል፤ ማንንም አያስከፋም። ስለዚህ በየሪፖርትህ ባላጋራህ ሰነፍ፣ ሰካራምና የተከፋፈለ መሆኑን ጻፍ። ስብሰባው ቶሎ ያልቃል።

8. ቁጥር አትጻፍ።

«ሊሆን ይችላል» በል። «የሚል ሥጋት አለ» በል። የዬሉ የታሪክ ፕሮፌሰር ሸርማን ኬንት በሲአይኤ ሳሉ፣ በ1951 እ.ኤ.አ. ሶቪየት ኅብረት ዩጎዝላቪያን የመውረሯ ነገር ብርቱ ሥጋት ነው የሚል ግምት ወጣ። ስንት በመቶ ማለት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ እሳቸው 65 አሉ። አብረዋቸው የፈረሙት ግን ከ20 እስከ 80 ተበታተኑ። ኬንት ተጨንቀው ለእያንዳንዱ አባባል ቁጥር ይበጅለት ብለው ተሟገቱ። ምን አስጨነቃቸው? ሁሉም እኮ በሰላም ፈርሟል!

የሐረርን ጅብ ደግሞ ከቶ እንዳትመስል። በአሹራ ቀን ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። ከግማሽ በላይ ከበላ ዓመቱ ጥጋብ ነው፤ ጭራሽ ከተወው ወይም ጠርጎ ከጨረሰው ክፉ ዘመን ይፈራል። ምልክቱ አስቀድሞ ታውቋል። ሕዝብ ቆሞ ያያል። ጅቡም የማንን ፊት አይቶ አይበላም። በዓመቱ ትክክል ይሁን ስህተት ሕፃን እንኳ ይፈርዳል። እንዲህ ያለ ተንታኝ ዕድሜ ልኩን ከግንቡ ውጭ ይኖራል።

9. ወደ ታች ተመልከት።

የቡና ማኅበሩን አጥና። ተማሪዎቹን አጥና። አንድ ለአምስት ይባል በነበረው ዘመን ለአምስት ሰው አንድ ጠርናፊ ተመድቦ ነበር፤ ስለ ጎረቤት ያልታወቀ ነገር አልነበረም። ቀና ብለህ ግን አትይ። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ሳሉ መፈንቅለ መንግሥት ተሞከረ። ጠንሳሾቹን እነማን ይከታተሏቸው ነበር ብትል፦ የክብር ዘበኛ አዛዡ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ፣ የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡ፣ የደህንነቱ ኃላፊ ኮሎኔል ወርቅነህ ገበየሁ። ከጠንሳሾቹ መካከል ደግሞ እነማን ነበሩ ብትል፣ እነዚሁ ሦስቱ። ስለ ሤራው ሪፖርት የሚቀርበው ለሤረኛው ነበር። አንተ በዚያ ዘመን ብትኖር ሪፖርትህን በሰዓቱ አድርሰህ ምስጋና ታገኝ ነበር።

10. ያልጠበቅኸው ሲሆን አትደንግጥ።

አንድ ቀን ከተማው የሚያውቀው፣ አንተ ግን ያልጻፍከው ነገር ይፈነዳል። ተረጋጋ። የድሮ ሪፖርትህን አውጣ። «ሊሆን ይችላል» የሚለውን በቀይ አስምርበት። ከዚያ ችግሩ የመረጃ እጥረት መሆኑን አስረዳ። ተጨማሪ ምንጭ፣ ተጨማሪ ካሜራ፣ ካፌው ውስጥ ተጨማሪ ወንበር ጠይቅ። ይፈቀድልሃል። አስቀድመህ ብታውቅ ኖሮ ነገሩ በአንድ ስብሰባ ያልቅ ነበር፤ ባለማወቅህ ግን አዲስ መምሪያ ይከፈታል። መምሪያ ደግሞ ልምድ ያለው ኃላፊ ይፈልጋል። ማመልከቻህን ካሁኑ ጽፈህ አስቀምጥ፤ ቀኑን ብቻ ክፍት ተወው።