ለወላጅ አውራ ጣት ይበቃዋል

ውድ የአዲስ አበባዋ ሰሚት ወላጅ ሆይ፣ ጸደይ ገብቷልና ስልክዎን ቻርጅ ያድርጉ።

ጸደይ ስልዎት የመስከረም አደይ አበባ እንዳይታይዎት፤ እሱ ሌላ ወቅት ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ነው። አበባ አይፈልጉበት። የሚያገኙበት ካፊያ፣ የኮንዶሚኒየም ጭቃና የትምህርት ቤት መልእክት ነው። ትምህርት ቤት በመስከረም ልጅዎን ይረከብና ዝም ይላል። በአንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ ካርድ ይሰጥና እንደገና ዝም ይላል። መጋቢት ሲገባደድ ግን አፉ ይፈታል፤ ሞዴል ፈተና፣ የስም ማረሚያ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የወላጅ ስብሰባ፣ የከርሞ ምዝገባ፣ ባለቤቱ ያልታወቀ ሹራብ። ሴት ልጄን በመንግሥት ትምህርት ቤት ስምንተኛ አስጨርሼ፣ ወንዱን ስድስተኛ ላይ ያደረስኩ አባት ነኝና ይህን ሁሉ በክብር የሚቀበሉበትን ዘዴ ያለ ክፍያ እነግርዎታለሁ።

ከቴሌግራሙ እንጀምር። የክፍሉ የወላጆች ቡድን በመስከረም ሲከፈት «ለአስቸኳይ ጉዳይ ብቻ» ተብሎ ነበር። ስለዚህ ማታ 3፡40 ላይ ስልክዎ ሲንጫጫ አስቸኳይ መሆኑን አይጠራጠሩ። መልእክቱ እንዲህ ይላል፤ «ውድ ወላጆች እንደምን አመሻችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 የወላጆች ስብሰባ ስላለ በሰዓቱ እንድትገኙ።» ከዚህ ቀጥሎ አርባ «እሺ» ይወርዳል። ከአርባው «እሺ» በኋላ አንድ አባት ብቅ ብሎ «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ሌላዋ እናት «ጠዋት ነው ማታ?» ትላለች። ውጭ አገር ቆይቶ የመጣ ወላጅ ካለ ደግሞ «በኛ ነው በፈረንጅ?» ይጠይቃል። አንዱ በዚህ መሀል የወለጋ ማር በኪሎ ስንት እንደሚሸጥ ያሳውቃል። ሲነጋ ስብሰባው ከማሩ በላይ መቶ ሃያ መልእክት ርቆ ተቀብሯል።

እርስዎ በዚህ አይድከሙ። መልእክት ባዩ ቁጥር፣ ሳያነቡ፣ አውራ ጣትዎን ከሥሩ ያኑሩ። አውራ ጣት «ደርሶኛል» ማለት ነው፣ «ተስማምቻለሁ» ማለት ነው፣ «ጠንካራ ወላጅ ነኝ» ማለት ነው። «አንብቤዋለሁ» ማለት እንዳልሆነ ከእኔና ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ያድርጉ፤ ሁልጊዜ የመጀመሪያው አውራ ጣት የእርስዎ አይሁን። ቀድሞ የሚያወጣ ሰው የወላጅ ኮሚቴ ሲመረጥ ስሙ ቀድሞ ይነሳል።

የድምፅ መልእክት ሲመጣ አካሄዱ ይለያል። የትምህርት ቤቱ ዩኒት ሊደር የሚልከው ቮይስ አራት ደቂቃ ነው። ሦስቱ ደቂቃ ከኋላው የሚሰማ የእረፍት ሰዓት ጩኸት፣ አንዱ «እንደሚታወቀው» ነው። ዋናው ጉዳይ የመጨረሻዎቹ ስምንት ሰከንዶች ውስጥ አለ። እነሱም ላይ ደወል ይደወላል።

መልእክት በዛብኝ ብለው ግን አያማርሩ። ከመቶ ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ዳግማዊ ምኒልክ ለወላጅ ያስተላለፉትን መልእክት ያስታውሱ። ስድስት ዓመት የሞላው ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ይማር ብለው አወጁ። ልጁን ያላስተማረ ወላጅ ሲሞት ሀብቱ ለልጁ መውረሱ ቀርቶ ለመንግሥት ይሁን የሚልም ነበረበት። አጭር፣ ግልጽ፣ ቮይስ የሌለው። ዛሬ ቡድኑ ላይ እንዲህ ያለ መልእክት ቢለጠፍ እኔ በበኩሌ አውራ ጣት አድርጌበት ወደ ዜናዬ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ስም ማረሚያው። የስድስተኛ ወይም የስምንተኛ ክፍል ልጅ ያለዎት ከሆነ፣ ማለትም ቤትዎ ሚኒስትሪ ተፈታኝ ካለ፣ የልጅዎ ስም በትክክል መመዝገቡን አረጋግጡ የሚል መልእክት ይደርስዎታል። ይህን ቀላል ሥራ አድርገው አይዩት። አማርኛ ሦስት ሀ፣ ሁለት ሰ፣ ሁለት ጸ፣ ሁለት አ ያለው ባለጸጋ ቋንቋ ነው። ልጅዎን ኃይለ ብለው ሰይመው ከሆነ፣ በክርስትና ካርዱ ላይ በአንዱ፣ በልደት ሰርተፍኬቱ ላይ በሌላው፣ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ላይ በሦስተኛው ሀ ተጽፎ ያገኙታል። በእንግሊዝኛው ደግሞ አንዱ ጋ ኤ የነበረው ሌላው ጋ አይ ሆኗል። ልጁ አንድ ነው፣ በወረቀት ግን ሦስት ወንድማማቾች ናቸው፣ የሚፈተነው አንዱ ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ለማሳረም ወረዳ ሲሄዱም ሌላ ነገር ይገጥምዎታል። ሰሚት ልጅዎ ሲወለድ ቦሌ ነበረች። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ሲመሠረት አብዛኛው ሰሚት ወደዚያ ዞረ። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ ልጅዎ ከቦሌ ወደ ለሚ ኩራ ተሰዷል፣ አልጋው ግን ከፎቁ ንቅንቅ አላለም። እኛም የታክሲ ረዳት ሲጠይቀን ሰሚት፣ ሰርግ ላይ ሰው ሲጠይቀን ቦሌ፣ ወረዳ ሲጠይቀን ለሚ ኩራ ማለት ከለመድን ሰነባበትን።

ከቴሌግራሙ ሌላ የመረጃ ምንጭ ካስፈለገዎት ልጅዎን አይርሱ። የልጅ ዜና ከቴሌግራም ይቀድማል፣ ግን ዘርፉ አንድ ነው። «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብለው ይጠይቁት፤ «ምንም»። «ምን በላህ?» ብለው ይጠይቁት፤ ያን ጊዜ ጋዜጠኛ ይሆንልዎታል። የከተማው አስተዳደር የተማሪዎችን ምገባ በ2011 ዓ.ም. ከጀመረ ወዲህ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጅ ቁርስና ምሳውን እዚያው ይበላል። የእኔ ልጅ ሩዙ ስንት ጭልፋ እንደነበር፣ ሽሮው ቀጥኖ እንደሆነ፣ ዳቦው በየትኛው ረድፍ እንዳለቀ፣ ከመጋቢ እናቶች የትኛዋ እጇ እንደማይሰስት ያውቃል። ቁርስ ሳይቀምሱ መጥተው ሰልፍ ላይ የሚቆሙ ልጆች እንደነበሩ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ዜና ከሞዴል ፈተናው አያንስም፤ በዚህ አልቀልድም። ደብተርና የደንብ ልብስ በነጻ መታደል የተጀመረው ደግሞ በ2012 ዓ.ም. ነው። ሹራቡን ማን እንደጣለው ግን ልጄ እስከ ዛሬ አልዘገበልኝም።

እዚህ ላይ ጎረቤትዎን ማጽናናት ይገባዎታል። ልጁን ከታች ባለው የግል ትምህርት ቤት የሚያስተምረው ጎረቤትዎ በዚሁ ሰሞን አንድ መልእክት ብቻ ይደርሰዋል፣ እሱም የከርሞው ክፍያ ጭማሪ ነው። ደረጃ ላይ ሲያገኙት ፊቱን አይተው ይረዱታል። «የመንግሥቱ እንዴት ነው?» ብሎ በለሆሳስ ቢጠይቅዎት አይኩራሩበት። ዴስክ ላይ አራት ሆነው እንደሚቀመጡ ይንገሩት፣ ከዚያ አምስተኛውን ቦታ ያሳዩት።

የወላጅ ስብሰባ። 2፡30 ከተባለ 2፡30 የሚሄዱት የጥበቃ ሠራተኛውን ለማጫወት ከሆነ ጥሩ ነው። ስብሰባው የሚጀመረው ሰው ሲሞላ ነው፣ ሰው የሚሞላው ሲጀመር ነው። አመቺው መንገድ የልጁን አያት መላክ ነው። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ፣ ለዳይሬክተሩ «ተባረክ የኔ ልጅ» ይላሉ፣ ሲመለሱም ስብሰባው እንዴት ነበር ሲባሉ «ደስ ይላል» ይላሉ። አቤቱታ የለ፣ መዋጮ የለ።

ራስዎ ከሄዱ ግን አጀንዳውን አይተው ይዘጋጁ። አንደኛው አጀንዳ የስድስት ወር ሪፖርት ነው፤ እዚህ ላይ እንቅልፍ ይፈቀዳል። ሁለተኛው የመማር ማስተማሩ ሂደት ነው፤ እዚህም ይፈቀዳል። ሦስተኛው «ልዩ ልዩ» ይባላል፤ ንቁ! ወላጅ የሚፈልገውም የሚፈራውም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። የመጸዳጃ ቤቱ ውኃ፣ የአጥሩ ቀዳዳ፣ የሒሳብ መምህሩ መቀየር፣ «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው ትምህርት ቤትን በማኅበረሰብ አቅም የማሻሻል ንቅናቄ፣ እሱን ተከትሎም «በፈቃደኝነት» የምትለዋ ቃል። ያን ጊዜ ወደ ጣሪያው ይመልከቱ። የሚቀመጡበት የልጆች ዴስክ ስለሆነ ጉልበትዎ አገጭዎ ጋ ይደርሳል፣ ጣሪያውን ማየት አይከብድዎትም።

«ወላጅ ይዞ ይምጣ» የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ ከቡድኑ መልእክት ይለያልና በአውራ ጣት አይመለስም። ቢሆንም ላይሰሙት ይችላሉ። ዘመን የማይሽረው የአዲስ አበባ ተማሪዎች ብልሃት አለ፤ ከሰፈር አንድ ሥራ ፈት ጎልማሳ በሳንቲም ይከራዩና «አጎቴ ነው» ብለው ያቀርቡታል። ተከራይቶ የመጣው አጎት መምህሩ ፊት ልጁን ከእውነተኛ አባቱ ይበልጥ ይቆጣዋል። በነገራችን ላይ እኔ በልጅነቴ ያቀረብኩት አጎት በጥፊ ነው የመታኝ፤ ዋጋ ስንነጋገር ጥፊው አልነበረበትም።

የሞዴል ፈተናው መልእክት ከሁሉም ይበዛል፤ ምክንያቱም አለው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በ2015 ዓ.ም. መባቻ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲነገር፣ ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የስድስተኛ ክፍል ወላጅ እንኳ ቁጥሯን እንደ ስልክ ቁጥር በቃሉ ይዟታል። ስለዚህ ቡድኑ ላይ የፈተና ጥያቄ በፒዲኤፍ ሲዘንብ ሁሉንም ያውርዱ። ማውረድ ማጥናት ነው። ስልክዎ ሲሞላ የልጁን የልደት ቪዲዮ ይሰርዙ፣ የድሮውን የአካባቢ ሳይንስ ጥያቄ አይሰርዙ። ልጅዎ «አባዬ፣ ስልኩን ስጠኝ ላጥና» ሲልዎት ይስጡት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መኪና ሲያጋጭ ቢያገኙት አይገረሙ።

ሰኔ 30ን ደግሞ ለብቻው ይያዙት። ትምህርት የሚዘጋበት ቀን ነውና ልጆች ዓመቱን ሙሉ የተጠራቀመ ቂማቸውን «ሰኔ 30 እንገናኝ» እየተባባሉ የሚቀጥሩት ለዚያ ነው። ይህ ቀጠሮ በቴሌግራም አይለጠፍም። ከወላጅ ስብሰባ በተለየ ግን በሰዓቱ ይጀመራል።

ይህን ሁሉ ዘዴ ስጠቀም አንድ ችግር ብቻ ገጥሞኛል፣ ልንገርዎት። ግንቦት ላይ የጉርድ ፎቶ ማስረከቢያው ቀን ጠፍቶብኝ ቴሌግራሙን ወደ ላይ ስገፋ፣ ከቡድኑ ወጥቼ በስህተት የሆም ሩም መምህሯ በግል የጻፉልኝ ላይ አረፍኩ። በመጋቢት የተላከ ነው። «ጤና ይስጥልኝ። ልጅዎን ከኋላ ወደ ፊት ዴስክ አምጥቼዋለሁ። ሰሌዳው በደንብ አይታየውም መሰለኝ፣ ከጎረቤቱ ደብተር ነው የሚገለብጠው። ዐይኑን ቢያስመረምሩት ጥሩ ነው።» ሰላምታው አጭር፣ ስብሰባ የለው፣ ማር የለው። ከሥሩ አውራ ጣት አለ። የእኔ ነው።

ሁለት ወር። ልጄን ጠርቼ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ብሎክ ቁጥር አንብብልኝ አልኩት። «የቱን ብሎክ?» አለኝ።

በማግስቱ ሥራ አስፈቅጄ ወሰድኩት። መነጽሩ በሳምንቱ ደረሰ። ከመገናኛ ወደ ሰሚት ስንመለስ ታክሲው ውስጥ የተለጠፈውን ጥቅስ ሁሉ አንድ በአንድ ጮክ ብሎ አነበበ፣ ረዳቱ «አስተማሪ ነው እንዴ?» እስኪል ድረስ። ማታ ልጆቹ ሲተኙ ለመምህሯ መጻፍ ጀመርኩ። ይቅርታ አልኩ፣ አጠፋሁት። ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩ፣ እሱንም አጠፋሁት። በመጨረሻ መነጽር እንዳደረገ፣ ስላዩልኝ እግዜር እንዲሰጥልኝ፣ መልእክታቸውን ሳላነበው እንደቆየሁ ጽፌ ላክሁ። ሰዓቱ ከምሽቱ 4፡15 ነበር።

ወዲያው አዩት። አውራ ጣት ላኩልኝ።