አድራሻው የማይታወቅ አባት

ልደታ ምድብ ችሎት ደጃፍ ቀለብ ጠያቂ እናቶችን ብታዩ፣ የባሕር ማዶ አባት ምን ያህል ረቂቅ ፍጡር እንደሆነ ይገባችኋል። ቲክቶክ ላይ ከነመኪናው ይታያል፤ መጥሪያ ሲወጣበት ግን አድራሻው አይታወቅም። እናም ጥሪው አዲስ ዘመን ላይ ይታተማል። መቼም ሚኒሶታ ውስጥ አዲስ ዘመን ሳያነብ ቡና የሚጠጣ አባወራ የለም!

የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ ሰውየው እንደ አባት ሆኖ ልጁን በመንከባከብ ወይም በማሳደግ ከተሳተፈ አባትነቱ በፍርድ ሊታወቅ ይችላል ይላል። ብልኁ አባት ታዲያ ሳንቲም አይልክም፤ ማስረጃ ይሆንበታላ። ሕጉ አባትነትን በማያሻማ መንገድ የሚያረጋግጥ ጽሑፍም ይቀበላል። እናትየው ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ እየወለወለች፣ «ልጄን ሳሚልኝ» የምትለዋን የድሮ መልእክት ለጠበቃዋ ታሳያለች።

አባት የሞተ ዕለት ነገሩ ይገለበጣል። የኮንዶሚኒየሙ አድራሻ ለማንም አይጠፋም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል መብት አለው ቢልም፣ አጎቶች «ወንድማችን ልጅ አልነበረውም» ብለው የሚምሉ ምስክሮች ይዘው ከች ይላሉ። ያውም የሟቹን አፍንጫ ልጁ ፊት ላይ እያዩ።